በተሸጠችው መርከብ ላይ ቆመን

አስካለ መርከብ ተሳፍራ፣ ዓሣ ነባሪ አይታ፣ ጾሟንም ሳትገድፍ ተመለሰች የሚለው ወሬ እዚህ ጆበርግ፣ ሜይፌር ሰፈራችን ከኔ ቀድሞ ስለደረሰ የማኅበራችን ሴቶች ፋታ ነሱኝ። አንዷ "ወለሉ ይወዛወዛል ወይ?" ትላለች፤ ሌላዋ "ሽንት ቤቱስ ወዴት ነው የሚፈሰው?" ትላለች። ለሁሉም በየተራ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። ባሕር ላይ ወጥታችሁ የማታውቁ፣ ለመውጣትም ሐሳቡ የሌላችሁ ሁሉ፣ እኔ ወጥቼላችኋለሁ።

በመጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ጄፒ ጎዳና ላይ ያለችውን የመጋረጃና የብርድ ልብስ ሱቄን ለመሸጥ ተስማምቼ ነበር። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሏል፣ ዕቃ አውራጅ መጠበቅም ሰልችቶኛል። ገዢው ተመስገን የሚባል የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ጨዋና ሥራ ወዳድ። "ዕቃውን እንዳለ እወስዳለሁ፤ መሸጫው ላይ ግን የእህቴ ልጅ ይቆማል" አለኝ። እኔም "ሱቁ ያንተ ነው፣ እንዳሻህ" አልኩት። ፊርማው ከጉዞ ስመለስ እንዲሆን ተቃጠርን። ቶኮ የምትባል፣ ከሂልብሮው ሰፈር እየተመላለሰች ዓመታት ሙሉ ያንን ሱቅ አብራኝ ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረች ሴት አለች። እሷ ምንም አታውቅም። ስመለስ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት።

ጉዞውን ያዘጋጀችው ልጄ ሊያ ናት። "ማሚ፣ ዕድሜሽን በሙሉ መጋረጃ ስትቆርጪ ኖርሽ፤ አንድ ሳምንት ሪላክስ ብታደርጊ ምን ይልሻል?" አለች። እሺ አልኩ፤ ግን ፍልሰታን መርከብ ላይ አልጾምም አልኩ። "ነሐሴ አሥራ ስድስት ይፈታል፤ የዚያን ዕለት ቁረጪልን" አልኳት። ሊያ እዚሁ ጆበርግ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ የእኛን ወር ከፈረንጁ ለይታ አታውቅም። ኦገስት አሥራ ስድስት ብላ ቆረጠች። ያ ቀን በእኛ ነሐሴ አሥር ነው፣ የጾሙ መሐል። የነቃሁት ለመነሣት ሁለት ቀን ሲቀረን ሲሆን ቲኬቱ ደግሞ አይመለስም።

"ሶሪ ማሚ፤ ኦገስት ነሐሴ አይደለም እንዴ?"

"ነው፤ ግን አንድ ላይ አይገቡም፣ አንድ ላይም አይወጡም።"

"ታዲያ ማን ነው ልክ?"

ክርክሩን ትቼ ሽሮና በርበሬ፣ ምስርና ድርቆሽ በላስቲክ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና ነገሩን ለእመቤቴ ሰጠሁት።

ዓርብ ጠዋት ከፓርክ ስቴሽን በአውቶቡስ ወደ ደርባን ተነሣን። የጆበርግ ክረምት ደረቅ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ነሐሴ ጭቃና ዝናብ የለም። ሜዳው እስከ አድማስ ድረስ ቢጫ ሣር ነው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አመዳይ ይጥልበታል። እኔ ይህን ያህል ዓመት ስኖር ከጄፒ እስከ ሜይፌር፣ ከሜይፌር እስከ ፎርድስበርግ ገበያ ነው የማውቀው፤ አገሩ እንዲህ ሰፊ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። ለሻይ ስንቆም ሰው ሁሉ የሥጋ ኬክ ሲገምጥ እኔ ሰዓቴን ስጠብቅ ቆየሁ፣ ከዚያ የተቀቀለ በቆሎ ገዛሁ። ሽቅብ የወጣነውን ሁሉ በአንድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርደው ጆሮዬ ተደፈነ። ሊያ ማስቲካ ሰጠችኝ። "ማሚ፣ ይሄ ጾም ነው አይደል?" አለች፤ ያጠፋችው ሲቆጫት እንዲህ ነው የምትጠይቀኝ።

ደርባን ያደርነው አንዲት የድሮ ደንበኛዬ ቤት ነው። ወገቧን አስራ የምስር ወጥ ሠርታ ጠበቀችን፣ የራሷን አልጋ ለቃ እሷ ሶፋ ላይ ተኛች። ጆበርግ ላይ በዚያ ወር በሁለት ብርድ ልብስ እንተኛለን፤ እዚያ መስኮት ከፍተን ነው ያደርነው። እዚህ ከተማ ብርድ ልብስ ነግጄ ቢሆን ኖሮ ጦሜን አድር ነበር አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ ወደብ ሄድን። ጉዴ የፈላው እዚያ ነው። የፍተሻው ውሻ ሻንጣዬን አሸተተና ማስነጠስ ጀመረ፤ አስነጥሶ አስነጥሶ ጠባቂው እግር ሥር ተኛ። ጠባቂው ወጣት ልጅ ነው፣ ላስቲኩን አንሥቶ "ማማ፣ ይህ ቀይ ዱቄት ምንድን ነው?" አለኝ።

"በርበሬ ነው ልጄ። ካላመንከኝ ቅመሰው።"

የእኛ ሰው ቢሆን በጣቱ ጫፍ ይነካ ነበር፤ እሱ ቆንጥሮ አፉ ውስጥ ጨመረው። ዕንባው ወረደ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እንደ መተንፈስ ሲል "አምኜሻለሁ ማማ፤ ግን ጥሬ እህል መርከብ ላይ አይገባም። ስትመለሺ ትወስጃለሽ" ብሎ ስንቄን በሙሉ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ባዶ እጄን ተሳፈርኩ።

መርከቧ ትንሽ ናት። ከጄፒ ሕንፃዎች አንዱ ተጋድሞ ቢንሳፈፍ ይበልጣታል። ግን ንጹሕ ናት፣ ሰዎቿም ፊታቸው ፈታ ያለ ነው። በመመገቢያው ክፍል ጣሪያ ዙሪያውን መንጠቆ ተደርድሯል፣ በየመንጠቆው ስም የተጻፈበት የሻይ ኩባያ ተንጠልጥሏል። በየዓመቱ የሚመለሱ መንገደኞች ናቸው ባለቤቶቹ። አንድ ነጭ ሽማግሌ ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ኩባያቸውን ከመንጠቆው ሲያወርዱ አየኋቸው። ፒት ይባላሉ፤ ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁሉም "ኡም ፒት" ይሏቸዋል፣ በቋንቋቸው አጎት ማለት ነው። ጎናቸው የተቀመጠችው ፋጢማ የፎርድስበርግ ልጅ ናት፣ አስተማሪ የነበረች። ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ የምትኖርን ሴት ለመተዋወቅ ባሕር ድረስ መምጣቴ አሳቀኝ።

እራት ሲቀርብ ፕራውን የሚሉት የባሕር ፍጥረት፣ የዶሮ ጥብስ፣ ቅቤ የጠጣ ድንች መጣ። እኔ ዳቦና ሰላጣ ይዤ ስቀመጥ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ራሷ መጣች። ኖምቩላ ትባላለች፣ ሞላ ያለች፣ ደርባን ዳር ካለው ከኡምላዚ ሰፈር የመጣች ሴት።

"ማማ፣ ምግቤ አልጣፈጠሽም?"

ሱቅ ውስጥ በለመድኩት የዙሉ ቋንቋ ሰላምታ ሰጠኋትና ነገሩን አስረዳኋት፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤና እንቁላል የለም፣ ዓሣም አልበላም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ምንም አልቀምስም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። "እኛ ሠራተኞቹ ታች የምንበላው እኮ እሱኑ ነው" ብላ ሄደች፣ ፓፕና ቻካላካ ይዛ ተመለሰች። ፓፕ ያው የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቻካላካ ደግሞ ባቄላና ካሮት፣ ቃሪያና ቲማቲም በዘይት የተቁላላበት ነው። በርበሬዬን ያጣሁ ሴት ያን ስቀምስ ሰውነቴ ተፈታ።

ልክ ያን ጊዜ ካፒቴኑ ብርጭቆ አንኳኳ። መርከቧ ተሽጣለች አለ። ይህ በቀድሞው ባለቤት ስም የምትሄደው የመጨረሻ ጉዞ ነው፣ ከአዲሶቹ ባለቤቶች አንዱም አብሮን አለ ብሎ ነጭ ጫማ ወዳደረገ አንድ ጎልማሳ አመለከተ። ክሬግ ይባላል። ሰውየው እጁን ከፍ አድርጎ ፈገግ አለ፤ አንድም ሰው አላጨበጨበለትም። ኡም ፒት ሹካቸውን አስቀመጡ። ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴትዮ አለቀሰች። ወዲያው ወሬው ተነሣ፤ ቁማር ቤት ያደርጓታል፣ የለም ቀይ ይቀቧታል፣ ኩባያዎቹን ይጥሏቸዋል።

እኔ ግርም አለኝ። "ምን ይጠበስ ታዲያ? ሰውየው ንብረቱ ነው፣ ሸጠው" አልኩ።

ፋጢማ በመነጽሯ ላይ አየችኝ። "ነጋዴ ነሽ መሰለኝ።"

"ነኝ።"

"እኔ ያደግኩት ሱቅ መሐል ነው። ሱቅ ሲሸጥ መደርደሪያው ይቀራል፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ።"

እኔ ፓፔን በላሁ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ በባሕር ላይ ነበርን። ዓሣ ነባሪ አየን፤ ጀርባዋን አሳየችን፣ ውኃ ተፋችና ጠለቀች። ሰዎች ለዚህ ሲሉ ዓለምን ይዞራሉ፣ እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዓሣ ነባሪዋ ይልቅ ዓይኔ ያረፈው ያ ክሬግ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ብቻውን ነው የተቀመጠው፣ ገበታው ዙሪያ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰው ብቻውን ሲበላ ማየት አልችልም። ሊያ "ማሚ፣ ኖ፣ ሰው ሁሉ ያየናል" እያለች ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደስ አለው። መርከቧን ነጭና ሰማያዊ ሊቀባት፣ ስሟን ሊለውጥ፣ "አዲስ ቡድን" ሊያስገባ እንዳሰበ ነገረኝ። እኔም የክፍሎቹ መጋረጃ ገበሩ የማይረባ ስለሆነ ፀሐይ እንደሚያስገባ ነገርኩት፣ በጣቴ ጨርቁን እየፈተግኩ አሳየሁት። በነጋዴ ቋንቋ ተግባባን። ያን ምሽት መንገደኛው ሁሉ በጎሪጥ አየኝ፤ ኡም ፒትማ ሰላምታዬንም አልመለሱ።

ሰኞ የጎረቤት አገር ከተማ ማፑቶ ወረድን። ፓስፖርቴ የደቡብ አፍሪካ ስለሆነ ያለ ጣጣ አለፍኩ። ሌላው መንገደኛ የድሮ ሕንፃ ሊያይ ሲሄድ ኖምቩላ ዘምቢል ይዛ "ማማ፣ ነይ ገበያ" አለችኝ። መርካቶን ለሚያውቅ ሰው የማፑቶ ገበያ እንግዳ አይደለም፤ ጩኸቱም ግፊያውም ያው ነው፤ የሚለየው ኮኮናትና ካሹ የሚሉት ለውዝ በየመንገዱ መከመሩ ነው። ኖምቩላ ለኔ ስትል ኮኮናት፣ ባሚያና ምስር እየመረጠች ገዛች። "ኮኮናቱ ወተት ይሆንልሻል፤ ከላም አይደለም፣ አትፍሪ" አለችኝ። ዕቃውን ተከፋፍለን ይዘን ስንመለስ ጥላ ሥር ቆም አልንና ላቧን ጠረገች።

"ይህ የመጨረሻ ገበያዬ ነው" አለች።

"እንዴት?"

"ደርባን ስንገባ የወጥ ቤቱና የመስተንግዶው ሰዎች ውል ያበቃል። አዲሶቹ የራሳቸውን ሰዎች ያመጣሉ። እኔ ያንን ወጥ ቤት እኮ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ነው የያዝኩት ማማ። የመንጠቆዎቹንም ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም፤ ካፒቴኑ እራት ላይ ሲናገር እናንተ በሰማችሁበት ሰዓት ነው የሰማሁት።"

አላለቀሰችም። ዘምቢሏን አንሥታ መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን ዕቃዬን ይዤ እዚያው ጥላ ሥር ቀረሁ። እራት ላይ ከሰው እኩል ሰማች። ቶኮስ ከማን ትሰማ ይሆን? ተመስገን ቁልፍ ሲቀይር አይታ?

ያን ምሽት የባሚያና የኮኮናት ወጧን ከበላሁ በኋላ ኡም ፒትና ፋጢማ ወደ ተቀመጡበት ሄድኩ። ሊያ ተከተለችኝ። የኖምቩላን ነገር ነገርኳቸው። ኡም ፒት ፊታቸው ቀላ፤ ኩባንያውን በኢንተርኔት ላይ እናዋርደዋለን አሉ። ፋጢማ ለጋዜጣ እንደውል አለች።

"ያ ሁሉ ሰውየውን እልህ ያስገባዋል" አልኩ። "በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሽማግሌ ይላካል።"

"ሽማግሌ ምን ያደርጋል?" አለች ፋጢማ።

"ይሄዳል፣ ይቆማል። ተቀመጡ ሲባል አይቀመጥም። ቅመሱ ሲባል አይቀምስም። የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ድረስ ይቆማል። አይጮህም፣ አይሰድብም። ቆሞ የሚለምን ትልቅ ሰው ፊት ደግሞ ተዝናንቶ መቀመጥ የሚችል ሰው የለም።"

ሊያ በእንግሊዝኛዋ አጣርታ አስረዳችልኝ፤ ከዚያ ወደኔ ዞራ "ማሚ፣ ሽማግሌ ወንድ አይደለም እንዴ?" አለች።

"በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ካልሆንኩ መቼ ልሆን ነው?"

ኡም ፒት ዳሌያቸው የተቀየረ፣ ብረት የገባበት ነው። ብዙ መቆም አይችሉም። ግን "እኔም እሄዳለሁ" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓሣ ነባሪዋ ቀን ወዲህ ፈገግ አሉልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ባሕሩ ተነሥቶ ነበር። ወለሉ ይወዛወዛል ወይ ላላችሁኝ፣ አዎ፣ ያን ቀን ተወዛወዘ። ክሬግ ቁርሱን ጨርሶ ቡና ሲጠጣ ሦስታችንም ፊቱ ሄደን ቆምን፤ እኔ መሐል፣ እነሱ ግራና ቀኝ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቻለሁ፣ ኡም ፒት ከረባት አስረዋል።

"እንደምን አደራችሁ! ተቀመጡ" አለ።

"አንቀመጥም" አልኩ።

"ቡና?"

"አንጠጣም።"

ዙሪያውን ገላመጠ። ክፍሉ በሙሉ ሹካውን አስቀምጦ ያየን ነበር። "ምን ሆናችሁ ነው?"

"ልመና ይዘን መጥተናል። ኖምቩላና ከእሷ ጋር የሚሠሩት በቦታቸው ይቆዩ።"

"ወይዘሮ አስካለ፣ አንቺ እኮ ነጋዴ ነሽ። ከኔ ወገን መስለሽኝ ነበር።"

"ከወገንህ ስለሆንኩ ነው የምነግርህ። የገዛኸው ብረቱን ነው። ይኼ ሁሉ ሰው በየዓመቱ የሚመለሰው ለብረቱ አይደለም።"

ውሉ የእሱ ሳይሆን ሠራተኛ የሚያቀርብ ድርጅት ጉዳይ እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ። ፋጢማ በአስተማሪ ድምፅዋ "ድርጅቱን የሚያዘው ማን ነው?" አለችው። ያን ጊዜ መርከቧ ዘመም አለችና ኡም ፒት ወደ ወንበሩ ተንገዳገዱ፤ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም። እኔ በአንድ ክንዳቸው ፋጢማ በሌላው ያዝናቸው፣ ቀጥ አደረግናቸው። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል።

"እባክዎ ይቀመጡ" አለ ክሬግ፤ ድምፁ ተለውጧል።

"ልጄ፣ እሷ ካልፈቀደችልኝ አልቀመጥም" አሉ ኡም ፒት።

ክሬግ ራሱ ብድግ አለ። ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ በመስታወቱ እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ይታየናል። እኛ ቆመን ጠበቅን። ጉልበቴ ለጄፒ ደረጃ እምቢ ያለ ጉልበት ነው፣ ያን ቀን ግን አላሳፈረኝም። ተመልሶ ገባ።

"ወጥ ቤቱና መስተንግዶው እስከ መጪው በጋ መጨረሻ ድረስ ባለበት ይቆያል። ከዚያ በኋላ አብረን እናያለን። ከዚህ በላይ ቃል መስጠት አልችልም። ቀለሙና ስሙ ግን ይለወጣል።"

"መንጠቆዎቹስ?" አሉ ኡም ፒት።

"መንጠቆዎቹ ይቆያሉ።"

"እንቀመጥ" አልኩ፣ ተቀመጥን። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ኖምቩላ በወጥ ቤቱ በር ላይ ሽርጧን ይዛ ቆማ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምስር ወጥ ራሷ ይዛልኝ መጣች፣ አጠገቤም ቁጭ ብላ አብራኝ በላች። መንገደኛው ግን እስከ ማታ ሰማያዊው ቀለም እንዴት እንደሚያስጠላ ሲያማርር ዋለ። ሰው ማማረሪያ አያጣም።

ረቡዕ ደርባን ገባን። ጠባቂው ልጅ ስንቄን ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጠኝ፤ ውሻው ሲያየኝ ዞር አለ። ከኖምቩላ ጋር ተቃቅፈን ተለያየን፣ በርበሬውንም በሙሉ ለእሷ ሰጠኋት። በአውቶቡሱ ቁልቁለት የነበረው ዳገት ሆነ፣ ከላይ ስንደርስ የጆበርግ ብርድ ተቀበለን። ሊያ ትከሻዬ ላይ ጋደም ብላ "ማሚ፣ ዛት ዎዝ ሶ ኩል። እኔም መቆም እችላለሁ?" አለችኝ። ስታረጂ አልኳት።

ፊርማው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ በበዓሉ ማግስት ነበር። ቶኮን ከዚያ በፊት ሱቁ በር ላይ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና "እሺ ማማ" አለች፣ ብርድ ልብሱን ማጠፏን ቀጠለች። ያ እሺ ከጩኸት ከፋብኝ።

ተመስገን ኬክና ለስላሳ ይዞ መጣ። መሸጫው አጠገብ ወንበር አዘጋጅቶ "እትዬ አስካለ፣ ይቀመጡ" አለኝ።

አልተቀመጥኩም።

"ለስላሳ ልክፈትልዎ?"

"አልጠጣም ልጄ።" ጾሙ ተፈቷል፣ ማመካኛ የለኝም። እሱም ያውቃል።

ብዕሩን አስቀመጠ። ተመስገን ጄፒ ላይ ይነግድ እንጂ የአገሩ ልጅ ነው፤ ቆሞ የማይቀመጥ ትልቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስረዳውም። ቀስ ብሎ ተነሣ። ዓይኑ እኔን ትቶ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ወደምታጥፈው ወደ ቶኮ ሄደ።

"እሷን ነው?"

"እሷን ነው።"

"የእህቴ ልጅስ?"

"ይምጣ። ዕቃውንም ደንበኛውንም የምታውቀው እሷ ናት። ከእሷ ይማር።"

ከውጭ የታክሲ ጥሩምባና የጎዳናው ጫጫታ ይሰማል። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ይህን ጊዜ ግን ግራና ቀኝ የሚይዘኝ ሰው የለም። ቶኮ የምናወራው ባይገባትም አየችኝ፤ ብርድ ልብሱን ጥላ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። "ማማ፣ ጉልበትሽ እኮ ያምሻል፤ ለምን አትቀመጪም?" አለች።

ተመስገን ለኔ ያዘጋጀውን ወንበር አንሥቶ መሸጫው ጀርባ አስቀመጠው።

"ቶኮ፣ ህላላ ፓንሲ" አላት፤ ተቀመጪ ማለቱ ነው። "አንቺ ካልተቀመጥሽ እሳቸው አይቀመጡም።"

ቶኮ እኔንና እሱን እያፈራረቀች አየች፣ ከዚያም በመሸጫው ጀርባ፣ ዘወትር በምትቆምበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። እኔም ብርድ ልብሱ ክምር ላይ ተቀመጥኩና "በል እንግዲህ፣ ለስላሳውን ክፈትልኝ" አልኩት።